ዓርብ ዓርብ የማትነሳው መኪና

ልጅ እያለሁ ኮቦ ላይ መኪና የማያውቅ ወንድ አልነበረም። በሰፈራችን መኪና ያለው ግን አባቴ ብቻ ነበር። የቀሩት እውቀቱን ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ዝም ባለ ቁጥር ከየደጃፋቸው ብቅ ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ አንዱ መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደሰካ፣ አንዱ ጉንጩን በጫት እንደነፋ። ኮፈኑን ሳያስፈቅዱ ይከፍታሉ፣ አንገታቸውን ያስገባሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጥር ስር ቆሜ ሳያቸው አንድም ነገር እንዳልገባቸው ፊታቸው ላይ አነብ ነበር። ያን ጊዜ የጀመረኝ ንቀት ዛሬም አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም ብዙ አልጣርኩም።

መኪናዋ ፒካፕ ናት። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይባላል፤ እኛ ቤት ስትደርስ ግን ቀለሟን የቆላው ፀሐይ ጨርሶት ነበር። አባቴ ይማም ሽንኩርትና ማሽላ እየጫነባት ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ዋጃ ይመላለሳል። ጋቢናዋ ውስጥ ቤንዚን፣ የሽንኩርት ልጣጭና የሞቀ አቧራ አንድ ላይ ይሸታል። ቀትር ላይ በባዶ ጭኑ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ልጅ ጮሆ ይነሳል። የእኔ ዘመን የኮቦ ልጆች ይህን የምታውቁት ይመስለኛል፤ ያ ሽታ ድንገት የሆነ ቦታ ሲመጣብኝ እስከ አሁን ቆሜ አሸታለሁ። ከዚያ ዘመን ያለ ምንም ቅሬታ የምወደው ያን ሽታና አንድ ከሰዓት በኋላን ብቻ ነው።

ያ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ነበር። ከዋጃ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመን፣ ልንነሳ ብንል መኪናዋ አልነሳ አለች። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ከባትሪው ወርዶ ከመኪናዋ አጥንት ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ጥቁር ወፍራም ገመድ፣ ቡሎኑ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ብረቱን ጥብቅ አድርጎ ካልነካ ባትሪው ቢሞላም መኪና አትነሳም። ቡሎን ደግሞ በዚያ ሜዳ ላይ ከየት ይመጣል? አባቴ ከመንገዱ ዳር ወደሚያርስ ገበሬ ሄዶ ለማረሻው የያዘውን ትርፍ የቆዳ ጠፍር ለመነው። ጠፍሩን ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሶ አራሰው፤ እንደ ገመድ ሲለሰልስ ጥቁሩን ገመድ ከብረቱ ጋር አጣብቆ ደጋግሞ ጠመጠመበት፣ በጥርሱም ስቦ ቋጠረው። ከዚያ ግራር ስር ተቀምጠን እስኪደርቅ ጠበቅን። ገበሬው ጥንቅሽ ሰጠኝ። አባቴ ልጣጩን በጥርሱ እየገፈፈ ያቀብለኝ ነበር፣ ከንፈሬን እንዳይቆርጠኝ።

«ጠፍር ሲርስ ቂጣ ነው፤ ሲደርቅ ከብረት አይተናነስም» አለኝ። ፀሐዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ አደረቀው። መኪናዋም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። አባቴ እየሳቀ ነዳ፤ እንዲያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ኮቦ ልንገባ ስንል ግን ዳር ይዞ ቆመና ከድሮ ጎማ የተቆረጠ ጥቁር ቁራጭ አውጥቶ ጠፍሩን ሸፈነው፣ በሽቦም አሰረው። «ለማንም እንዳትናገሪ። እነ አስር አለቃ ካዩት መሳቂያ ያደርጉኛል» አለ። እኔም ከአባቴ ጋር ምስጢር ስላለኝ ኩራት ኩራት አለኝ።

አስር አለቃ ያለው ጎረቤታችንን ደምሌን ነው። ደምሌ ውትድርና ላይ ሳለ ለትንሽ ጊዜ የጭነት መኪና ነድቷል፤ ወይም ከነጂው አጠገብ ተቀምጧል፤ ነገሩ በግልጽ ተነግሮን አያውቅም። ብቻ ሰፈሩ ውስጥ የመኪና ነገር የሚዳኘው እሱ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ይለጥፋል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ምን እንደሚሰማ አላህ ይወቅ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል፤ አባቴም አብሮ ይጠብቃል፤ መኪናዋ የእሱ ሆና፣ ገመዷንም በጠፍር ያሰረው እሱ ሆኖ።

አሁን ወደ በሽታዋ ልምጣ። መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ትሰነብትና ዓርብ ጠዋት አትነሳም። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ትልና ዝም። መስጊዱ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አባቴ ግን ጁምዓን በእግሩ መሄድ ትቶ ነበር። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ፣ በመኪና መውረድ አለበት። ለዚህ ክብር ሲባል ሐሙስ ከአስር ሰዓት በኋላ መኪናዋን የማጥበው እኔ ነኝ። «ሆዷንም እጠቢ» ይለኛል። የፊት ብረቷ ላይ ወጥቼ ኮፈኑ ተደግፎልኝ በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ ሞተሩ ላይ እለቀዋለሁ። ውሃው በጥቁሩ ጎማ ስር እየገባ ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ዓርብ ጠዋት ጠፍሩ ቂጣ ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ የኮቦ ፀሐይ ሥራውን ጨርሶ መልሶ ብረት ያደርገዋል።

ከዚያ ሁሉ ወንድ አንድ ስንኳ ይህን አላሰበም። ሞኞች ቢሆኑ ባልናቅኳቸው። ግማሾቹ ገበሬ ናቸው፣ የቀሩትም የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ጠፍር ሲርስና ሲደርቅ ምን እንደሚሆን እንቅልፍ ላይ ቢጠየቁ ይመልሳሉ። ጎማው ውስጥ ያለውን አላዩ ይሆናል፤ ግን ሐሙስ ውሃ ጠጥታ ዓርብ የምትታመም መኪና ፊታቸው ቆማ ነበር። መኪና ፊት ሲቆሙ ግን የሚያውቁትን ሁሉ ያፍሩበታል። የእርሻውን እውቀት ከበር ላይ ያራግፉትና የማያውቁትን ማውራት ይጀምራሉ። አስር አለቃ በመጀመሪያው ዓርብ ካንዴላ ነው አለ፤ ካንዴላ ተቀየረ፣ ቅዳሜ ተነሳች፣ ደምሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰፈሩን ዞረ። በሚቀጥለው ዓርብ ባትሪ ነው አለ፤ ባትሪው ተቀየረ፣ ቅዳሜ ተነሳች። ቅዳሜ እስከተነሳች ድረስ ሁሉም የተናገረው ልክ ነበር።

አንዳንዱ ደግሞ መኪናዋ ጁምዓን ታከብራለች ብሎ በቁም ነገር ተናገረ። ሴቶቹ ዓይን በልቷታል አሉ፤ ዱዓቸው ይሰማል የሚባሉት እናቶች፣ ዱበርቲዎች፣ መጥተው ዱዓ አደረጉላት፣ እኛም አሚን አልን። ቢያንስ እነሱ ጆሯቸውን ኮፈን ላይ አልለጠፉም። ወንዶቹም ዓርብ ጠዋት መግፋቱን ለምደውት፣ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በአቧራው ሲሮጡ የሚደሰቱ ይመስለኝ ነበር። መኪና ባይኖራቸውም ገፍተዋል፤ ያም አንድ ነገር ነው።

እናቴ ነገሩን ያገኘችው ማሽላ እያበጠረች ነው። «አያ ይማም፣ ይቺ መኪና ልጅቷ ያጠበቻት ማግስት አይደል እንዴ የምትታመመው? ውሃ አይስማማት ይሆናል» አለችው። አስር አለቃ ደምሌ እዚያው ነበር። ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ጠፍሩን በገዛ እጁ ያራሰው አባቴ። እናቴ ሰፌዷን አነሳችና ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መኪና አንድ ቃል አልወጣትም። አባቴ በዚያች ደቂቃ ነገሩ እንደገባው ዛሬ እርግጠኛ ነኝ። ሳቁ መሃል ላይ ቆሞበት ነበር።

በሦስተኛው ዓርብ ደምሌ ሞተሪኖ ነው አለ፤ ሞተሩን በቁልፍ የሚያዞረው ክፍል ማለት ነው። ሞተሪኖውን የቀየረው ተካ የሚባል መካኒክ ነው፤ ወደ ጎብዬ መውጫ ላይ ግራር ስር ጋራዥ ከከፈተ ዓመት አልሞላውም። ዝምተኛ ሰው ነበር። ከታዘዘው በላይ አይናገርም፣ ከሠራው በላይ አይጠይቅም፤ ሚስቱም የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። መኪናዋ ቅዳሜ ተነሳች። በአራተኛው ዓርብ እንደገና ጠቅ ብላ ዝም አለች። ይሄኔ ደምሌ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ አላውቅም ማለት ወይም ሰው መክሰስ። «ሞተሪኖው ነው ያልኩትስ ልክ ነው። ደህናውን ለራሱ አስቀርቶ አሮጌ ገጥሞልሃል» አለው አባቴን። አባቴም ነገሩን ተቀበለው። ስለ ሞተሪኖ አንዳች የማያውቁ ሁለት ሰዎች እንዲህ አድርገው አንድ መካኒክ ሌባ አደረጉ።

ተካ ወሬው ሲደርሰው ራሱ መጣና ይታይልኝ አለ። በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሸህ ሙሔ በራችን ላይ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ስር ተቀመጡ። ሸህ ሙሔ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የደም ነገር ስንኳ ሳይቀር ያስታርቃሉ፤ ያን ቀን ያስቀመጧቸው ግን ለሞተሪኖ ነው። ቀኑ ዓርብ ነውና መኪናዋም እንደልማዷ ቆማለች። ዱዓ ተደረገ። አባቴ ተናገረ። ተካ ተናገረ። ደምሌ ሳይጠየቅ ተነሥቶ «ንጹሕ ከሆነ ይማል» አለ።

ተካ መሬት መሬት እያየ «ለብረት ብዬ የእግዜርን ስም አልጠራም» አለ። በእኛ አገር መሐላ ቀላል ነገር አይደለም፤ እውነተኛ ሰውም ይፈራዋል። ያን ሁሉም ያውቃል። ያም ሆኖ ማጉረምረሙ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ የማይምለው ቢኖርበት ነው እየተባለ። ሸህ ሙሔ እጃቸውን አነሡ።

«መሐላው ይቅር። ባለሙያ አይደለም እንዴ? በፊታችን ይፈትሻት» አሉ።

ተካ ኮፈኑን ከፈተ። ጆሮውን የትም አልለጠፈም። ባትሪውን ነካ፣ ጥቁሩን ገመድ ያዘና በጣቱ እየተከተለ ቁልቁል ወረደ፤ ከጎማው ቁራጭ ላይ ሲደርስ ቆመ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እሱን አትንካብኝ፤ እሱ ደህና ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ሸህ ሙሔ።

«ሽቦ ነው። ስገዛትም እንዲሁ ነበረች» አለ አባቴ። ከሶላት ከተነሣ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም።

ሸህ ሙሔ አባቴን ረጅም አዩት። ከዚያ አንገታቸውን ወደ አጥሩ፣ ወደ እኔ አዞሩ። «ነይ እስኪ፣ ሰዓዳ። መኪናይቱን የምታጥቢያት አንች ነሽ አሉ። ከዚህ ጎማ ውስጥ ያለው ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ሰው ሁሉ ዘወር አለ። አባቴ ብቻ አላየኝም፤ ጫማውን ነበር የሚያየው። ተካ እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው፤ ጠፍር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፣ የጥንቅሹ ጣዕምም አብሮት ነበር፣ የአባቴም ሳቅ።

«አላውቅም» አልኩ።

ተካ ገመዱን ለቀቀ። የሰው ንብረት ነው፣ ባለቤቱ አትንካ ብሏል፤ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሸህ ሙሔ ማስረጃ የለም፣ ይቅር ተባባሉ ብለው መርቀው አስነሡን። ከዚያ በኋላ ማንም ተካን ሌባ ብሎ አልጠራውም፤ መኪናም የወሰደለት አልነበረም። የዚያ ዓመት ማሽላ ሳይታጨድ ከጋራዡ ግራር ስር የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። የመፍቻ ሳጥኑንና ሚስቱን ይዞ ዋጃ ወረደ አሉ።

አባቴ በሳምንቱ ማንንም ሳያስከትል ጎብዬ ደርሶ መጣ። ሐሙስ ላጥብ ኮፈኑ ሲከፈት ጎማውም ጠፍሩም የሉም፤ አዲስ ቡሎን ያብረቀርቃል። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ዓርብ ታምማ አታውቅም። አስር አለቃ ደምሌ የዳነችው በእኔ ካንዴላ ነው እያለ እስኪሞት አወራ፤ ነፍሱን ይማረውና ሞቶም አልተውኩትም። ጠፍሩን አባቴ አልጣለውም። የግቢያችንን በር አሠረበት። ክረምት በመጣ ቁጥር በሩ በራሱ ይከፈት ነበር፤ አባቴ እየወጣ መልሶ ይቋጥረዋል።

አሁን አባቴ አርጅቷል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። ወደ ጁምዓ የምወስደው እኔ ነኝ፣ በራሴ አሮጌ መኪና። እወደዋለሁ። ስለዚያ ዓርብ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

የእኔዋም መኪና በቅርቡ ያን ጠባይ አመጣች፤ አንድ ቀን ትነሳለች፣ አንድ ቀን ጠቅ ብላ ዝም። የኮቦ ወንዶችም እንደድሮው ናቸው፤ ድሮ ጆሯቸውን ይለጥፉ ነበር፣ ዛሬ ስልካቸውን ይደቅናሉ። ካፌ በር ላይ ሦስት ሆነው ሳልጠራቸው መጥተው፣ አንዱ በማያውቀው ቋንቋ የሚያወራ ፈረንጅ ቪዲዮ ከፍቶ፣ ሴንሰር ነው አለኝ። ድሮ ቢያንስ ይገፉ ነበር፤ እነዚህ ልብሳችን ይቆሽሻል ብለው ቆመው አዩኝ። ለእነሱ ያለኝን ንቀት ሳልደብቅ ሄጄ ባትሪ ቀየርኩ። አልዳነችም። ሞተሪኖ ቀየርኩ። አልዳነችም። ደምሌ በመቃብሩ ሆኖ ሳይስቅብኝ አልቀረም።

ዋጃ ላይ መኪናዬ ቆመችብኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልቆመችም። ከአላማጣ ስመላለስ ዓመታት ሙሉ ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ ያለፍኩት ጋራዥ በር ላይ ራሴ ነድቼ ገባሁና አጠፋኋት። ተካ ሽማግሌ ሆኗል፤ መነጽሩን በክር አሥሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ቁልፉን መልሼ ባዞረው አልነሳ አለች።

«ምን ሆነችብሽ?» አለኝ ኮፈኑን እየከፈተ።

«አላውቅም» አልኩ።

እጁ ኮፈኑ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አየኝ፤ የዚያን ዓርብ እንዳየኝ፣ ያለ ቁጣ። «የይማም ልጅ ነሽ» አለ። እየጠየቀኝ አልነበረም።

«ጠፍር ነበር፣ አያ ተካ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ጫፉ ከጎማው ወጥቶ ይታይ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እኔ ብናገር ያሠርከው አንተ ነህ ባሉኝ ነበር። ካንች አፍ ነበር የጠበቅኩት» አለና አጎነበሰ። ጥቁሩን ገመድ በጣቱ ተከትሎ ወረደ፤ ሥሩ ያለውን ቡሎን በመፍቻ ግማሽ ዙር አጠበቀው። «ግቢና አስነሻት።»

በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ሂሳብ ስጠይቀው ለግማሽ ዙር አይከፈልም ብሎ እጁን ጠራረገና ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ወደ ኮቦ ስነዳ አጥር ስር ቆሜ የናቅኳቸውን ወንዶች አንድ በአንድ አስታወስኳቸው፤ ባለ ሽርጡን፣ ባለ መፋቂያውን፣ አስር አለቃን ሳይቀር። በዚያ ዓርብ ቁርቁራው ስር እያወቅን ዝም ያልነው ከተከሳሹ በቀር ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አባቴና እኔ። የቀሩት እኮ በእውነት አያውቁም ነበር።